ግድግዳም ይነበባል

ሜዳ ላይ ሰው መንገድ ሊጠፋበት እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን። ጉም ሲወርድና ሲመሽ የላስታን ተራራ ጠንቅቆ የሚያውቀው እረኛም ቢሆን ይደናገራል። ቤት ውስጥስ ሰው ይጠፋል ወይ? «እንዴ! በአራት ግድግዳ መካከል ምን መጥፋት አለ?» የምንል እንኖራለን። እንዲህ የምንለው ዓይናችን ስለሚያይ ነው እንጂ ነገሩስ እንዲያ አይደለም። ለማያይ ሰው፣ ገብቶበት የማያውቀው ትልቅ ቤት ከሜዳው ይልቅ ይከብደዋል። ሜዳ ላይ ፀሐይ በአንድ ወገን ትሞቀዋለች፤ ነፋስ ይነካዋል፤ ዳገቱና ቁልቁለቱ በእግሩ ይታወቀዋል። ቤት ውስጥ ግን ፀሐይም ነፋስም የለም። ወለሉ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ድምፅም ከየግድግዳው እየተመለሰ ይደባለቃል።

በዚህ ትምህርት፣ ዓይነ ስውራን በቤት ውስጥ መንገዳቸውን ራሳቸው እንዲያገኙ ምን እንደተሠራና እኛም ምን ልንሠራ እንደምንችል እንመለከታለን። ማንበብ የተማርን ሰዎች ስለሆንን ነገሩን በንባብ እንመስለዋለን። የሚነበብ ነገር በወረቀት ላይ ብቻ አይደለም ያለው። ግድግዳም፣ ወለልም፣ ድምፅም ፊደሉን የሚያውቅለት ካገኘ ይነበባል።

1. ነገሩ ለምን ያሳስበናል?

በ1998 ዓ.ም. በአገራችን ሕዝብ የዓይን ጤና ላይ አገር አቀፍ ጥናት ተደርጎ ነበር። በዚያ ጥናት ከ1000 ሰው መካከል 16ቱ ዓይነ ስውራን፣ 37ቱ ደግሞ እይታቸው የደከመ ሆነው ተገኝተዋል። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉን ያመጣው የዓይን ሞራ ነው። ሞራ በቀዶ ሕክምና ሊወገድ ይችላል። ቀጥሎ የመጣው ትራኮማ በዓይን ብሌን ላይ የሚተወው ጠባሳ ነው። በልጆች ላይ ያለው ትራኮማ ከሁሉ በላይ በዝቶ የተገኘው በአማራ ክልል ነበር። እንግዲህ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ የገዛ ጎረቤታችን ጉዳይ ነው።

በገጠር አንድ ሰው ዓይኑ ሲጠፋ ብዙውን ጊዜ አንድ ልጅ መሪ ይሆነዋል። ልጁ የበትሩን ጫፍ ይዞ ከፊት ይሄዳል። ይህ ደግ ባህል ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ሒሳቡን እናስላው። ዓይኑን ያጣው አንድ ሰው ነው፤ ከትምህርት የሚቀር ሁለተኛ ሰው ግን ተጨመረ። ልጁ ሲታመም ወይም ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ደግሞ ሽማግሌው ከቤት መውጣት ይቀራል።

ሌላም ነገር አለ። አንዲት ዓይነ ስውር እናት ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ እንበል። ሕመማቸውን ለሐኪሙ ሲናገሩ የጎረቤት ልጅ አጠገባቸው ቆሞ ይሰማል። ሊናገሩት የሚገባውን ያፍሩና ይተዉታል። ሐኪሙም ያልሰማውን በሽታ አያክምም። ከበሩ እስከ ሐኪሙ ክፍል ያለችውን ጥቂት እርምጃ ብቻቸውን መሄድ ቢችሉ ኖሮ ምስጢራቸው በተጠበቀ፣ ሕመማቸውም በታወቀ ነበር። ስለዚህ በቤት ውስጥ መንገድ ማግኘት የቅንጦት ነገር አይደለም። የጤና፣ የክብርና የመብት ጉዳይ ነው።

መንገድ የተከፈተለት ዓይነ ስውር የት እንደሚደርስ ለማወቅ ከወሎ ሳንወጣ ምሳሌ እናገኛለን። የትነበርሽ ንጉሤ የተወለደችው በወሎ ሳይንት ነው። ዓይኗ የጠፋው ገና በአምስት ዓመቷ ነው። ሻሸመኔ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማረች፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ሕግ አጠናች። ለአካል ጉዳተኞች መብት በመሟገት እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች።

2. በላስታ የሚገኙ ሁለት ምሳሌዎች

ወደ ሌላው ዓለም ከመሄዳችን በፊት በአካባቢያችን ያለውን እንይ። «ይምርሐነ ክርስቶስ» ግዕዝ ነው፤ «ክርስቶስ ይምራን» ማለት ነው። በአማርኛ «መሪ» የምንለው ቃል ከዚያው ሥር የወጣ ነው። በሰበታ ያለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት «መርሐ ዕውራን» መባሉም ከዚሁ ቃል ነው፤ የዕውራን መሪ እንደማለት።

ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ጥድ በበዛበት ተራራ ላይ፣ በትልቅ ዋሻ ውስጥ የሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዛግዌው ንጉሥ በይምርሐነ ክርስቶስ እንደተሠራ ይነገራል፤ ከ800 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። እንደ ላሊበላዎቹ ከአለት የተፈለፈለ አይደለም። አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ ልስን የተለሰነ ድንጋይ እየተደረገ የታነጸ ነው። ግድግዳውም ወጣ ገባ እያለ ነው የሚሄደው።

ዓይን ያለው ሰው ይህን አይቶ ያደንቃል። እስቲ ደግሞ ዓይናችንን ጨፍነን በሐሳብ እንግባ። ከደጅ ወደ ዋሻው ስናልፍ አየሩ ይቀዘቅዛል። የእግራችን ኮቴና ድምፃችን ይለወጣል፤ ከላያችን ጣራ እንዳለ ጆሯችን ይነግረናል። ጫማችንን ስናወልቅ እግራችን ድንጋዩን ከምንጣፉ ይለያል። ወደ ውስጥ ስንጠጋ የዕጣኑ ሽታ ይበረታል። እነዚህ ሁሉ ፊደሎች ናቸው። አዘውትሮ ወደዚያ የሚሄድ ዓይነ ስውር ያለ መምህር ያነባቸዋል። እንግዳው ግን አያውቃቸውም፤ የሚነግረው ይፈልጋል።

ሁለተኛው ምሳሌ በላሊበላ ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚወስደው የምድር ውስጥ መተላለፊያ ነው። ይህ መተላለፊያ የሲኦል ምሳሌ ነው ይባላል። ጨለማው ድቅድቅ ስለሆነ ዓይን ያለውና የሌለው እዚያ ውስጥ እኩል ናቸው። እንዲያውም በእጁ መሄድ የለመደው ዓይነ ስውር ይቀድማል። መብራት ያልያዘ ሰው እጁን ግድግዳው ላይ አድርጎ፣ ቀስ እያለ ያልፋል። ግድግዳው ይመራዋል።

ከዚህ አንድ ትልቅ ቁም ነገር እንረዳለን። ግድግዳ የሚመራው መንገዱ አንድ ሲሆን ነው። መንገዱ ለሁለት ወይም ለሦስት ሲከፈል ግን የትኛው ወዴት እንደሚወስድ ግድግዳው አይናገርም። ጤና ጣቢያ ገብተን ኮሪደሩ ላይ አምስት በር ብናገኝ፣ የመርፌው ክፍል የትኛው ነው? የካርዱስ? እጅ በሩን ያገኛል እንጂ የበሩን ስም አያገኝም። እንግዲህ የመሣሪያው ሥራ ምንድን ነው ቢሉ፣ መንገድ በሚከፈልበት ቦታ ላይ ቆሞ ስም መጥራት ነው።

3. በዓለም ላይ ምን ተሠራ?

ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል በልጅነቱ ዓይኑ የጠፋ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1824፣ ገና በአሥራ አምስት ዓመቱ፣ በጣት የሚነበብ የነጥብ ጽሕፈት ፈጠረ። ጽሕፈቱ ዛሬ በእሱ ስም «ብሬል» ይባላል። ስድስት ነጥቦች እየተቀያየሩ ፊደሉን ሁሉ ይጽፋሉ። አማርኛም በብሬል ይጻፋል። በር ላይ በእጅ ቁመት የብሬል ጽሑፍ ቢለጠፍ ዓይነ ስውሩ የክፍሉን ስም ያነባል ማለት ነው። ነገር ግን መጀመሪያ በሩን ማግኘት አለበት።

ጃፓናዊው ሴይቺ ሚያኬ ደግሞ ዓይኑ እየደከመ ለሄደ ወዳጁ ሲል እ.ኤ.አ. በ1965 በእግር የሚነበብ ንጣፍ ሠራ። ንጣፉ እንደ ሸክላ ጡብ ያለ ሆኖ ፊቱ ላይ ጉብታዎች አሉት። ክብ ክብ ጉብታ «ቁም፣ አስተውል» ማለት ነው። ረጃጅም መስመር ደግሞ «በዚህ ሂድ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በኦካያማ ከተማ፣ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አጠገብ ባለ መንገድ ላይ ተነጠፈ፤ ከዚያም በዓለም ሁሉ ተስፋፋ።

ከዚያ በኋላ የሳተላይት ዘመን መጣ። በሰማይ የሚዞሩ ሳተላይቶች ምልክት ይልካሉ፤ ስልክ ያንን ተቀብሎ ያለንበትን ቦታ ያውቃል። ይህ ጂፒኤስ ይባላል። ታዲያ በጂፒኤስ አይበቃም ወይ? ሜዳ ላይ ይጠቅማል። ቤት ውስጥ ግን አይሠራም ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ምልክቱ ከሩቅ ስለሚመጣ በጣም ደካማ ነው። የቆርቆሮ ጣራና የሲሚንቶ ግድግዳ ያዳክመዋል፤ የተራራ ዋሻማ ጨርሶ አያስገባውም። ስለዚህ ምልክቱን ከሰማይ መጠበቅ ትቶ ቤቱ ውስጥ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ይህን የሚሠራው ዕቃ ቢከን ይባላል። በእጅ መዳፍ ውስጥ የሚያዝ ትንሽ የሬዲዮ ምልክት ላኪ ነው። በባትሪ ይሠራል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ቢከን የራሱ ቁጥር አለው። ያንን ቁጥር በብሉቱዝ ሳያቋርጥ ይልካል። ስልኩ ቁጥሩን ይቀበልና «ይህ ቁጥር የካርድ ክፍሉ በር ነው» የሚል በውስጡ የተጫነ መዝገብ ይመለከታል። ከዚያም በድምፅ ይናገራል። ምልክቱ ሲበረታ ሰውየው ቀርቧል፤ ሲደክም ርቋል። መዝገቡ አስቀድሞ ስልኩ ላይ ከተጫነ የቴሌ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል። ይህም እንደኛ ላለ ገጠር ጥሩ ነው።

እንከንም አለበት። የሬዲዮ ምልክት ከግድግዳ ላይ እየነጠረ ይመለሳል፤ የሰውም ገላ ያግደዋል። በዚህ ምክንያት ጥቂት ሜትር ሊሳሳት ይችላል። ሜትር ማለት ቀላል ነገር አይደለም፤ በበርና በደረጃ መካከል ያለው ልዩነት እኮ ከሜትር ሊያንስ ይችላል። ባትሪውም ያልቃል። የሚቀይርለት ሰው ከሌለ አንድ ቀን በድንገት ዝም ይላል።

እ.ኤ.አ. በ2015 በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር፣ ፒምሊኮ በተባለው ጣቢያ፣ በቢከን የሚሠራ መሪ ተሞከረ። ሐሳቡ የመጣው መንገዱን ብቻቸውን ለመሄድ ከፈለጉ ዓይነ ስውራን ወጣቶች ነው። ከሙከራውም በኋላ እንዲህ ያለ የድምፅ መሪ እንዴት መሠራት እንዳለበት የሚያሳይ ዓለም አቀፍ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። ጃፓናዊቷ ሳይንቲስት ቺየኮ አሳካዋም በአሥራ አራት ዓመቷ ዓይኗ የጠፋ ናት። በአይ.ቢ.ኤም. ስትሠራ ከጓደኞቿ ጋር በቢከንና በስልክ ቤት ውስጥ የሚመራ መሣሪያ ሠርታለች። ከዚያም የጉዞ ሻንጣ የሚመስል፣ ከፊት ያለውን እያየ ሰውን የሚመራ ማሽን ወደ መሥራት ተሻገረች።

ከእነዚህ ታሪኮች አንድ ነገር ልብ እንበል። ብሬል ራሱ ዓይነ ስውር ነው። አሳካዋም እንዲሁ። የሚያኬ መነሻ የወዳጁ ችግር ነው፤ የለንደኑ ሥራም የወጣቶቹ ጥያቄ ነው። የጠቀመው መሣሪያ ሁሉ የተጀመረው ችግሩ ካለበት ሰው ነው።

4. መሣሪያ ከመሥራት በፊት

አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። እኛም ለማስተማር የዘመትን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ቴክኖሎጂ ስናወራ ወደ ዕቃው እንቸኩላለን። ነገር ግን ዕቃው የመጨረሻው ነው። የሚከተሉትን ቅደም ተከተሎች ማወቅ ይገባል።

አንደኛ፣ ጠይቅ። ዓይነ ስውሩ የት ገብቶ የት መውጣት እንደሚፈልግ የሚያውቀው ራሱ ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት እዚህ ላይ አይጠቅምም። አንዳንዱ በሩን ብቻ ማወቅ ይፈልጋል። አንዳንዱ ሰልፉ የት እንደሚያልቅ፣ ሌላው ወንበሩ ባዶ መሆኑን ማወቅ ይፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ዕቃን በቦታው አኑር። ዛሬ በስተግራ የነበረ አግዳሚ ወንበር ነገ በስተቀኝ ከተገኘ ዓይነ ስውሩ የተማረው ሁሉ ይፈርስበታል። ለእኛ ፊደሎቹ ሌሊት ሌሊት ቦታ እየተለዋወጡ ቢያድሩ ማንበብ እንችላለን? ይህ ሥርዓት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ሦስተኛ፣ ጆሮን አትድፈን። ዓይነ ስውር በጆሮው ብዙ ነገር ያያል። በር ሲከፈት፣ ሰው ሲመጣ፣ ኮሪደሩ ሲሰፋ በድምፅ ያውቃል። መሣሪያው ሳያቋርጥ የሚለፈልፍ ከሆነ ወይም ሁለቱንም ጆሮ የሚዘጋ ማዳመጫ ከተደረገ፣ መሪ ሳይሆን ጋሬጣ ሆነ ማለት ነው። ጥሩ መሪ በሚያስፈልግበት ቦታ አጭር ቃል ተናግሮ ዝም ይላል።

አራተኛ፣ ቃልን መርጠህ ተናገር። «እዚያ ጋ ነው»፣ «በዚህ በኩል» የሚሉት ቃላት ለማያይ ሰው ባዶ ናቸው። ጣት የሚቀሰረው ለሚያይ ነው። ጥሩው አነጋገር እጅን፣ ቁጥርንና የሚዳሰስ ነገርን ይጠቅሳል። ለምሳሌ፦ «አባባ፣ በሩ ከፊትዎ ነው። ሁለት ደረጃ አለው፤ ይውጡ። ከገቡ በኋላ በግራ እጅዎ ግድግዳውን ይዘው ይሂዱ። ሁለት በር ይለፉ። ሦስተኛው የካርድ ክፍሉ ነው፤ በሩ የእንጨት ነው።» ይህ በሰው አፍ ቢነገር፣ በስልክ ቢነገር ያው ነው። ስልኩ የሚናገረው ሰው የጻፈለትን እንጂ ከራሱ አያመነጭም። ዛሬ ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጡ አማርኛ የሚያነቡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ኢስፒክ የተባለው በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም አንዱ ነው። ድምፁ የማሽን ድምፅ ቢሆንም ይሰማል።

አምስተኛ፣ መሣሪያው ሲበላሽ መንገዱ አይጥፋ። ባትሪ ሲያልቅ የሚዳሰሰው ምልክት፣ የተማረው የእርምጃ ቁጥርና የሰው እርዳታ መቅረት የለባቸውም። መሣሪያ በትርን ያግዛል እንጂ በትርን አያስጥልም።

5. እኛ ምን ማድረግ እንችላለን?

አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብረውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅም የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። ሕግ በወረቀት ላይ ነው፤ ደረጃው ግን ያለው በቤቱ ላይ ነው። በቤቱ ላይ የሚሠሩት ደግሞ እዚያው ያሉ ሰዎች ናቸው።

በአንድ ቀበሌ ውስጥ ያለ ብዙ ወጪ የሚከተሉትን ማድረግ ይቻላል።

ሀ/ የቃል ካርታ ማዘጋጀት። የጤና ጣቢያውን፣ የቀበሌውን ጽሕፈት ቤትና የትምህርት ቤቱን ውስጥ ከበሩ ጀምሮ በእርምጃና በእጅ እየለኩ መጻፍ። ከዚያም ለአንድ ዓይነ ስውር አንብቦለት ብቻውን እንዲሄድ መጠየቅ። ግራ የተጋባበት ቦታ ላይ ጉድለቱ የጽሑፉ ነው፤ ይታረማል። በመጨረሻ በስልክ ድምፅ ቀድቶ ለሁሉም ማዳረስ ይቻላል።

ለ/ የሚዳሰስ ምልክት ማድረግ። ከአጥር በር እስከ ቤቱ በር ገመድ በወገብ ቁመት መወጠር፤ መንገድ በሚከፈልበት ቦታ ላይ ገመዱን መቋጠር። አንድ ቋጠሮ ካርድ፣ ሁለት ቋጠሮ ሐኪም፣ ሦስት ቋጠሮ ሽንት ቤት ሊሆን ይችላል። ይህ የራሳችን ፊደል ነው። አገሬው ከተስማማበት ይነበባል።

ሐ/ አምሳያ መሥራት። ይምርሐነ ክርስቶስን የመሰለ ቅርስ ላይ ምስማር መምታትም ሆነ ዕቃ መለጠፍ አይገባም። ሰው ሁሉ በእጁ ቢደባብሰውም ልስኑና እንጨቱ ይጎዳል። ታዲያ ዓይነ ስውሩ ተሳላሚ ቤቱን እንዴት ይወቀው? በእንጨት ወይም በሸክላ ትንሽ አምሳያ ሠርቶ ከደጅ ማኖር ይቻላል። የረድፉን እንጨት፣ የግድግዳውን ወጣ ገባነት፣ በሮቹንና የዋሻውን ጣራ በጣቱ ካነበበ በኋላ ወደ ውስጥ ሲገባ የት እንደቆመ ያውቃል። በላስታ ቅርጻ ቅርጽ የሚያውቅ እጅ አልጠፋም። በአካባቢው የሚኖሩ ዓይነ ስውራንና ካህናቱ ቢጠየቁ ለአምሳያው የሚነገረውን ቃል እነሱው ያሟሉታል።

ቢከኑና ስልኩ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣሉ። በመጡም ጊዜ ሥራው አልቆ ይጠብቃቸዋል፤ ምክንያቱም ቃሉ ተጽፏል፣ ዕቃው ቦታውን ይዟል፣ ዓይነ ስውሩም ተጠይቋል። ይህ ሳይደረግ ውድ መሣሪያ ቢገዛ፣ ፊደል ያልተጻፈበትን ወረቀት በመነጽር እንደማየት ነው። መነጽሩ ምንም ጥሩ ቢሆን የሚነበብ ነገር የለም።

የቃላት ፍች

ቢከን፦ የራሱን ቁጥር በሬዲዮ የሚልክ ትንሽ ዕቃ።
ብሬል፦ በጣት የሚነበብ የነጥብ ጽሕፈት።
አምሳያ፦ የአንድ ነገር መልክ ትንሽ ተደርጎ የተሠራበት።
የቃል ካርታ፦ የቤትን ውስጥ መንገድ በቃል የሚያስረዳ ጽሑፍ።

ጥያቄዎች

1. ለማያይ ሰው የማያውቀው ትልቅ ቤት ከሜዳ የሚከብደው ለምንድን ነው?
2. በ1998 ዓ.ም. ጥናት ለዓይነ ስውርነት ዋና ምክንያት ሆኖ የተገኘው ምንድን ነው?
3. ግድግዳ የሚመራው መቼ ነው? የማይመራውስ?
4. ጂፒኤስ በዋሻና በቤት ውስጥ የማይሠራው ለምንድን ነው?
5. አንባቢ ሆይ፣ አንድ ጎረቤትህን ወይም ጎረቤትሽን ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ለመምራት የሚያስፈልገውን የቃል ካርታ በአምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «እዚያ ጋ» የሚለውን ቃል አትጠቀሙ። ከጻፋችሁ በኋላ ለማያይ ሰው አንብቡለትና ያርማችሁ።